አዲስ ዜግነት፣ አሮጌ ፓስፖርት፡ ሕጉ ምን ይላል? እኛስ ምን ማድረግ ይገባናል?

በአውሮፓም ሆነ በአሜሪካ፣ ኢትዮጵያውያን በሚሰባሰቡባቸው መስጂዶች ከጁሙዓ ሶላት በኋላ በተደጋጋሚ ከሚነሱ ጥያቄዎች አንዱ ይህ ነው፦ «ዜግነቱ ወጣልኝ፤ የኢትዮጵያውን ፓስፖርት ምን ላድርገው?» መልሱ ብዙውን ጊዜ ከሦስት አያልፍም። አንዱ «ዝም ብለህ አስቀምጠው፤ አንድ ቀን ይጠቅምሃል» ይላል። ሌላው «ከእንግዲህ ምን ያደርግልሃል፣ ጣለው» ይላል። ሦስተኛው ደግሞ ነገሩን ወደ ዲን ይወስደውና «ሙስሊም ባልሆነ መንግሥት ፊት ቃል ገብተህ ያገር ልጅነትህን ትተሃል» ብሎ ያስደነግጠዋል።

ሦስቱም ምክሮች ከቅንነት የመነጩ ሊሆኑ ይችላሉ። ሦስቱም ግን ሰውን ይጎዳሉ። የመጀመሪያው ከሕግ ጋር ያጋጫል፤ ሁለተኛው ማስረጃ ያሳጣል፤ ሦስተኛው ያለ ዕውቀት ሰውን በሃይማኖቱ ያስጠረጥራል። በዚህ ጽሑፍ ለማሳየት የምንፈልገው አንድ ነገር ነው። ፓስፖርቱ ዜግነቱ አይደለም። ሕጉ ዜግነቱን የሚያየው ደብተሩ ሲመለስ ሳይሆን አዲሱ ዜግነት በፈቃድ ሲወሰድ ነው። ስለዚህ አሮጌውን ፓስፖርት በመደበቅ የምናተርፈው ዜግነት የለም። የቀረብንን መብት በሕጋዊው መንገድ እንያዝ፤ የጎደለውን ደግሞ በግልጽ እንጠይቅ።

ዜግነቱ የሚቀረው መቼ ነው?

አብዛኞቻችን የኢትዮጵያ ዜግነት የሚቀረው ፓስፖርቱ ኤምባሲ ገብቶ ሲሰረዝ ይመስለናል። የኢትዮጵያ ዜግነት አዋጅ ቁጥር 378/1996 ግን እንደዚያ አይልም። በአዋጁ አንቀጽ 20 መሠረት በፈቃዱ የሌላ አገር ዜግነት ያገኘ ኢትዮጵያዊ፣ ኢትዮጵያዊ ዜግነቱን በገዛ ፈቃዱ እንደተወ ይቆጠራል። «ይቆጠራል» የሚለው ቃል ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል። ሰውዬው «ትቻለሁ» ብሎ ማመልከት አይጠበቅበትም፤ መሥሪያ ቤቱም ደብዳቤ እስኪጽፍ አይጠበቅም። በስቶክሆልም ወይም በሚኒያፖሊስ የዜግነት ማረጋገጫውን በተቀበለበት ዕለት፣ በኢትዮጵያ ሕግ ዓይን የውጭ አገር ሰው ሆኗል። በመሳቢያው ውስጥ ያለው ፓስፖርት የአገልግሎት ዘመኑ አራት ዓመት ቢቀረውም ለውጥ የለውም።

ይህ አቋም አዲስ አይደለም። ሐምሌ 15 ቀን 1922 ዓ.ም. የወጣው የመጀመሪያው የዜግነት ሕግም የሌላ አገር ዜግነት ያገኘ ሰው ኢትዮጵያዊነቱን ያጣል ይል ነበር። ያ ሕግ ከዚህም አልፎ፣ የውጭ አገር ሰው ያገባች ኢትዮጵያዊት በጋብቻው የባሏን ዜግነት ካገኘች የራሷን ታጣለች ይል ነበር። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 33 ይህን አስቀርቶታል፤ ጋብቻ ብቻውን የማንንም ዜግነት አያስቀርም። ይኸው አንቀጽ ማንም ኢትዮጵያዊ ከፈቃዱ ውጪ ዜግነቱን ሊነጠቅ እንደማይችልም ይደነግጋል።

የሕግ ክርክሩ የሚነሳው እዚህ ላይ ነው። ሕገ መንግሥቱ «ከፈቃዱ ውጪ አይነጠቅም» ሲል፣ አዋጁ ደግሞ «ሌላ በፈቃዱ ከወሰደ ይኼኛውን በፈቃዱ ትቷል» ይላል። እውነቱን ለመናገር ግን ሁለተኛ ዜግነት የሚወስደው አብዛኛው ሰው የመጀመሪያውን ለመተው ብሎ አይደለም። ሥራ ለማግኘት፣ ቤተሰቡን ለማምጣት፣ የታመመች እናቱን ሄዶ ለመጠየቅ፣ «ነገ ያባርሩኝ ይሆን?» ከሚል ሥጋት ለመገላገል ነው። አንዱን መፈለግ ሌላውን መጥላት አይደለም። ሕጉ ግን ዛሬም ሁለቱን እንደ አንድ ውሳኔ ያያቸዋል። ሕጉ እስኪሻሻል ድረስ የምንኖረው በዚህ ሕግ ሥር ነው።

እዚያ በሩ ሲከፈት፣ እዚህ እንደተዘጋ ነው

ከጥቂት ዓመታት በፊት «ምረጥ» የሚሉት ተቀባዮቹ አገሮች ነበሩ። አሁን ነገሩ ተገልብጧል። ስዊድን እ.ኤ.አ. በ2001፣ ዴንማርክ በ2015፣ ኖርዌይ በ2020 ጥምር ዜግነትን ፈቅደዋል። ጀርመን ለረጅም ጊዜ አመልካቾችን ከቀድሞ ዜግነታቸው የተሰናበቱበትን ማስረጃ ትጠይቅ ነበር፤ ስደተኞችን የመሳሰሉ ልዩ ሁኔታዎች ቢኖሩም ደንቡ ይህ ነበር። ከሰኔ 27 ቀን 2024 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ግን ይህን ግዴታ አንስታለች። በአሜሪካ የቃለ መሐላው ቃል ለቀድሞ መንግሥት ያለን ታማኝነት መተውን ይጨምራል፤ ሆኖም መንግሥቱ የማንንም የቀድሞ ፓስፖርት አይቀበልም፣ ሁለት ዜግነት መያዝንም አይከለክልም። ኔዘርላንድስና ኦስትሪያ በመርህ ደረጃ ዛሬም የቀድሞውን ዜግነት መተው ይጠይቃሉ።

በዚህ የተነሳ አንድ ትልቅ ስህተት ተስፋፍቷል። «ጀርመን ሁለት ዜግነት ፈቀደች» የሚለውን ዜና የሰማ ወገናችን «እንግዲያው ሁለቱንም መያዝ እችላለሁ» ብሎ ይደመድማል። ጀርመን መፍቀድ የምትችለው በጀርመን ሕግ ብቻ ነው። የኢትዮጵያ ዜግነት ይኑርህ አይኑርህ የሚወስነው የኢትዮጵያ ሕግ ነው። እዚያ ሁለት ዜግነት ያለው ተብሎ የተመዘገበ ሰው ቦሌ ሲደርስ አንድ ዜግነት ብቻ ይኖረዋል፤ እሱም የጀርመኑ ነው።

የዲኑ ጥያቄ

«የሌላ መንግሥት ዜግነት መውሰድ ከእስልምና ያስወጣል» የሚለው አባባል ከየት መጣ? ሥሩ ያለው በቅኝ ግዛት ዘመን በሰሜን አፍሪካ ነው። ፈረንሳይ እ.ኤ.አ. በ1865 ባወጣችው ድንጋጌ አንድ አልጄሪያዊ ሙስሊም ሙሉ የፈረንሳይ ዜጋ ለመሆን ከፈለገ በጋብቻ፣ በፍቺና በውርስ ጉዳይ በሸሪዓ መዳኘትን መተው ነበረበት። በቱኒዚያም በ1923 የወጣው ሕግ ፈረንሳዊ መሆንን ሲያቀል ሕዝቡ ነገሩን ሃይማኖትንና አገርን ለቅኝ ገዢ እንደ መስጠት አየው። በ1930ዎቹ መጀመሪያ የፈረንሳይ ዜግነት የወሰዱ ሰዎች ሲሞቱ በሙስሊም መቃብር እንዳይቀበሩ ትልቅ ተቃውሞ ተነስቶ ነበር። የዘመኑ ዑለማዎች የሰጧቸው ጠንካራ ፈትዋዎች የሚነበቡት ከዚህ ጋር ነው። ጥያቄው ስለ ፓስፖርት አልነበረም፤ ሸሪዓን አውቆ በመተው ዜግነት ስለመግዛት ነበር።

ዛሬ በኦስሎ ወይም በለንደን ዜግነት የሚወስድ ሙስሊም ሶላቱን፣ ጾሙን፣ ኒካሁን ተው አይባልም። ስለዚህ ያንን ብይን ሁኔታው ሳይታይ በዚህ ዘመን ሰው ላይ መጫን ተገቢ አይደለም። በዝርዝር ጉዳይ ያለበት ሰው የሚያምነውን ዓሊም ይጠይቅ። እኛ ፈትዋ ሰጪ አይደለንም።

ዲናችን በማያሻማ ሁኔታ የሚያዘን ግን ሁለት ነገር አለ፤ ቃል መጠበቅና እውነት መናገር። ሱረቱል ማኢዳ የሚከፈተው ቃል ኪዳንን በመሙላት ትእዛዝ ነው። ቪዛ፣ የመኖሪያ ፈቃድ፣ የዜግነት መሐላ ሁሉም ቃል ኪዳኖች ናቸው። ለዚህ ደግሞ ከእኛ አገር የቀረበ ምሳሌ የለም። ወደ ሐበሻ የተሰደዱት ሶሐቦች በነጃሺ ፊት ስለ ዒሳ (ዐ.ሰ.) ያላቸውን እምነት ሲጠየቁ፣ መልሱ ጥገኝነታቸውን ሊያሳጣቸው እንደሚችል እያወቁ ጃዕፈር ኢብን አቢ ጧሊብ (ረ.ዐ.) እውነቱን ተናገሩ። ከስደተኞቹ አንዳንዶቹ በዚህች ምድር ለዓመታት ኖረው ነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ.) የተቀላቀሉት በኸይበር ዘመቻ ጊዜ ነበር። በሌላ ንጉሥ ጥበቃ ሥር መኖራቸው እምነታቸውን አላጎደለውም። ከለላ የሰጣቸውንም ሰው አላታለሉም።

ደብቆ መያዝ ምን ያስከትላል?

ፓስፖርቱን ዝም ብሎ የያዘ ሰው ብዙውን ጊዜ ክፉ አስቦ አይደለም። ለቪዛ ወረፋ ላለመቆም፣ በቀበሌና በባንክ እንደ በፊቱ ለመስተናገድ፣ ወይም ደግሞ «አገሬን ካድኩ» የሚለውን ስሜት ለመሸሽ ነው። ችግሩ የሚመጣው ፓስፖርቱን ሲጠቀምበት ነው።

አንደኛ፣ የኢትዮጵያ ዜጋ ነኝ ብሎ ድንበር ማለፍ፣ ፓስፖርት ማደስ ወይም ውል መፈረም ሐሰተኛ መግለጫ ነው፤ በሕግም ያስጠይቃል። ሲወጣ በአንዱ፣ ሲገባ በሌላው የሚጓዝ ሰው ዱካው በሁለት አገር መዝገብ ላይ ይቀራል።

ሁለተኛ፣ ንብረት ላይ ይመጣል። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 390 እና ተከታዮቹ የውጭ አገር ሰው ያለ ፈቃድ የማይንቀሳቀስ ንብረት ባለቤት እንዳይሆን ይከለክላል፤ ይዞ የተገኘም ለኢትዮጵያዊ እንዲያስተላልፍ ይገደዳል። አባቱ መርካቶ ወይም ደሴ ቤት ትተውለት የሞቱ ወንድማችን በሸሪዓ ፍርድ ቤት ወራሽነቱን ሊያረጋግጥ ይችላል። ነገር ግን የውጭ ዜግነቱን ደብቆ ካርታውን በኢትዮጵያዊነት ስም ካዞረ፣ አንድ ቀን ከወንድምና እህት ጋር አለመግባባት ሲፈጠር የመጀመሪያው መክሰሻ ይህ ይሆናል። ለእውነተኛ ሐቁ የውሸት ወረቀት አያይዟልና። የሚያሳዝነው ደግሞ፣ ቀጥሎ እንደምናየው፣ መዋሸት ጨርሶ አያስፈልገውም ነበር።

ሦስተኛው ሐጅ ነው። የየአገሩ የሐጃጅ ቁጥር በኮታ የተወሰነ ነው፤ የእስልምና ትብብር ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጨረሻ የወሰነው ስሌት ለአንድ ሚሊዮን ሙስሊም ሕዝብ አንድ ሺህ ሐጃጅ ነው። ከኢትዮጵያ የሚሄደውን የሚያስተባብረው የኢትዮጵያ እስልምና ጉዳዮች ጠቅላይ ምክር ቤት (መጅሊስ) ሲሆን፣ ከአውሮፓ፣ ከአሜሪካና ከአውስትራሊያ የሚሄዱት ከ2023 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ «ኑሱክ ሐጅ» በተባለው የሳዑዲ የኦንላይን መድረክ በኩል ይመዘገባሉ። ከእናቱ ጋር አብሮ ለመሄድ ወይም በአገር ልጆች መካከል ለመሆን ብሎ በአሮጌው ፓስፖርት አዲስ አበባ ላይ የሚመዘገብ አለ። ምኞቱ ያማረ ነው። ግን ያ ቦታ የማን ነው? በጅማ ወይም በወሎ ለዓመታት ብር ያጠራቀሙ፣ ከዚያ ኮታ ሌላ መንገድ የሌላቸው ሽማግሌ ነው። ለአላህ ብለን የምንጀምረውን ጉዞ በሐሰት መግለጫና በሌላ ሰው ተራ መጀመር አይገባም።

ሕጋዊው መንገድ፦ ቢጫ ካርድ

በ1994 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 270 የውጭ አገር ዜግነት ላላቸው ትውልደ ኢትዮጵያውያን ልዩ መታወቂያ ይሰጣል፤ ሕዝቡ «ቢጫ ካርድ» የሚለው ነው። ካርዱን የያዘ ሰው ወደ ኢትዮጵያ ለመግባትና ለመኖር ቪዛ አያስፈልገውም፤ ለመሥራት የሥራ ፈቃድ አይጠየቅም፤ በኢንቨስትመንት እንደ አገር ውስጥ ባለሀብት የመቆጠር መብት አለው። ከሁሉም በላይ፣ የማይንቀሳቀስ ንብረት ስለመያዝ በውጭ አገር ሰዎች ላይ የተጣለው ክልከላ እሱን አይመለከተውም። ቀድሞ ኢትዮጵያዊ የነበረ ብቻ ሳይሆን፣ ከወላጆቹ፣ ከአያቶቹ ወይም ከቅድመ አያቶቹ አንዱ ኢትዮጵያዊ የነበረም ማመልከት ይችላል። የኢትዮጵያ ዜግነቱን ትቶ የኤርትራ ዜግነት የወሰደን ሰው ግን አዋጁ አይጨምርም።

ስለዚህ ከላይ የጠቀስነው ወራሽ ወንድማችን የአባቱን ቤት በቢጫ ካርድ፣ በእውነተኛ ስሙና በእውነተኛ ዜግነቱ መያዝ ይችል ነበር።

ካርዱ የማይሰጠውም አለ። በየትኛውም የመንግሥት እርከን መምረጥና መመረጥ አይቻልም። በመከላከያ፣ በደኅንነት፣ በውጭ ጉዳይና መሰል የፖለቲካ መሥሪያ ቤቶች በቋሚነት መቀጠር አይቻልም። መብቱ በአዋጅ የተሰጠ በመሆኑም እንደ ዜግነት ጽኑ አይደለም። ይህን በባንክ አክሲዮን ጉዳይ አይተነዋል። እ.ኤ.አ. በ2016 የውጭ ዜግነት ያላቸው ትውልደ ኢትዮጵያውያን በባንኮችና በኢንሹራንስ ኩባንያዎች የያዙትን አክሲዮን እንዲያስረክቡ ታዘዙ። ከሦስት ዓመት በኋላ በ2011 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1159 የባንኩ በር እንደገና ተከፈተላቸው። ሙሉ በሙሉ ከወለድ ነፃ ባንኮችን ለማቋቋም መንገዱ የተጠረገውም በዚያው ዓመት ነበር፤ በ2013 ዓ.ም. ዘምዘም ባንክ ሥራ ጀመረ፣ ሂጅራ ባንክም ተከተለ። ከወለድ ለመራቅ ሲል ለዓመታት ይህንን ቀን ይጠብቅ ለነበረው የውጭ አገር ነዋሪ ሙስሊም፣ የበሩ መከፈትና መዘጋት ቀላል ነገር አልነበረም።

በሙሉ ዜግነት መመለስ የሚፈልግ ሰውም መንገድ አለው። የዜግነት አዋጁ አንቀጽ 22 የቀድሞ ኢትዮጵያዊ ወደ አገር ተመልሶ መኖሪያውን ከመሠረተ፣ የውጭ ዜግነቱን ከተወና ካመለከተ እንዲመለስለት ይደነግጋል። መንገዱ ግልጽ ነው፤ ዋጋው ግን አዲሱን ዜግነት መተው ነው።

ስለ ልጆቻችን ዝም ያልነው ጉዳይ

ስለ ራሳችን ፓስፖርት ስንጨነቅ ብዙዎቻችን ያላየነው የልጆቻችንን ጉዳይ ነው። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 6 መሠረት ከወላጆቹ አንዱ ኢትዮጵያዊ የሆነ ልጅ ኢትዮጵያዊ ነው። ልጁ ውጭ አገር በመወለዱ ወይም የሌላኛው ወላጁ ዜግነት የውጭ በመሆኑ ሁለተኛ ዜግነት ቢያገኝ ወዲያውኑ ኢትዮጵያዊነቱን አያጣም። ነገር ግን አካለ መጠን ከደረሰ በኋላ ባለው አንድ ዓመት ውስጥ ሌላውን ትቶ ኢትዮጵያዊነቱን እንደሚይዝ ካላስታወቀ፣ ሕጉ እሱንም በፈቃዱ እንደተወ ይቆጥረዋል።

ይህ ማለት በ18 እና በ19 ዓመቱ መካከል አንድ ወጣት ምንም ሳያውቅ ዜግነቱ ያልፍበታል ማለት ነው። በዚያ ዕድሜ ልጆቻችን ዩኒቨርሲቲ ለመግባት ይሯሯጣሉ፤ ስለ አንቀጽ 20 የሚነግራቸው የለም። ውሳኔው የራሳቸው ነው፤ አብዛኞቹም የተወለዱበትን አገር ዜግነት መያዛቸው አይቀርም። ግን አውቀው ይወስኑ። ዓረብኛና ቁርኣን ለማስተማር ቅዳሜና እሁድ የሚደክሙ መድረሳዎቻችን ለወላጆችና ለወጣቶች በዓመት አንድ ቀን የሕግ ባለሙያ ጋብዘው ይህን ቢያስረዱ ትልቅ ኸይር ነው።

በተግባር ምን እናድርግ?

«ጣለው» የሚለው ምክር ጎጂ ነው ያልነው በምክንያት ነው። ቢጫ ካርድ ለማውጣት የኢትዮጵያ ተወላጅ መሆንን የሚያሳይ ማስረጃ ይጠየቃል፤ ከማስረጃዎቹ ሁሉ ጠንካራው ደግሞ አሮጌው ፓስፖርት ነው። በአገራችን የልደት ምዝገባ በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. መጨረሻ ነው። ከዚያ በፊት በገጠር የተወለደ ሰው የተወለደበትን የሚናገር ሌላ ወረቀት ላይኖረው ይችላል። በሱዳንና በሊቢያ በረሃ አቋርጠው፣ ፓስፖርት ኖሯቸው የማያውቅ ወንድሞችና እህቶችም አሉ። እነሱ የትምህርት ቤት ማስረጃን፣ የቀበሌ መታወቂያን፣ የወላጆችን ሰነድ ከአሁኑ ቢያሰባስቡ ይበጃቸዋል፤ ወላጆች በሕይወት ሳሉ የሚገኘው ወረቀት ነገ አይገኝም።

ሌላው የስም ጉዳይ ነው። በአገራችን ሦስቱ ስሞች የራስ፣ የአባትና የአያት ናቸው። በውጭ አገር መዝገብ ግን የአያት ስም የቤተሰብ ስም ሆኖ ይቀመጣል፤ አንዳንዴ የአባት ስም ጨርሶ ይጠፋል። የሙስሊም ስሞች ሲሆኑ ደግሞ ችግሩ ይብሳል። መሐመድ፣ ሙሐመድ፣ ሞሃመድ፤ ኸዲጃ፣ ከድጃ፣ ሐዲጃ፤ በላቲን ፊደል ሲጻፉ አንዱ ሰው ሦስት ሰው ይሆናል። በባሏ ስም የተመዘገበች እህታችንም አባቷን ለመውረስ ስትመጣ «የእሳቸው ልጅ መሆንሽን አረጋግጪ» ትባላለች። አሮጌው ፓስፖርት በአሮጌውና በአዲሱ ስም መካከል ድልድይ ነው።

ስለዚህ ፓስፖርቱን ከመመለሳችን በፊት እያንዳንዱን ገጽ ኮፒ እናድርግ። ሲመለስ ወይም ሲሰረዝ የተቀበሉበትን ማረጋገጫ እንጠይቅና እንያዝ። አዲሱን ዜግነት ስንወስድ የስማችን አጻጻፍ ከአሮጌው ጋር እንዲመሳሰል እንጣር፤ ካልተቻለ ሁለቱ ስሞች የአንድ ሰው መሆናቸውን የሚገልጽ የተረጋገጠ ሰነድ እናውጣ። በኢትዮጵያዊነት ዘመናችን የሰጠነው ውክልና፣ የከፈትነው ሒሳብ፣ የፈረምነው ውል ካለ አዲሱን ዜግነታችንን አሳውቀን እናስተካክል። መስፈርቱ ከኤምባሲ ኤምባሲ ሊለያይ ስለሚችል ከመሄዳችን በፊት እንጠይቅ።

ሕጉ ቢሻሻልስ?

ሕግን ማክበር ሕጉ ይሻሻል ብሎ ከመጠየቅ አያግድም። ጎረቤቶቻችንን እንይ። ኬንያ በ2010ሩ (እ.ኤ.አ.) ሕገ መንግሥቷ ጥምር ዜግነትን ፈቅዳለች። የሶማሊያ የ2012 ጊዜያዊ ሕገ መንግሥትም አንድ ሶማሊያዊ የሌላ አገር ዜጋ ቢሆን እንኳ ዜግነቱን አያጣም ይላል። ሕንድ እንደ እኛ ጥምር ዜግነትን አትፈቅድም፤ ለተወላጆቿ ግን የዕድሜ ልክ መታወቂያ ትሰጣለች። ቱርክ ለጀርመን ዜግነት ሲሉ የራሷን ለተዉ ዜጎቿ «ሰማያዊ ካርድ» አዘጋጅታለች። አማራጩ ብዙ ነው።

ከለውጡ በተቃራኒ የሚነሳው ሥጋት ባዶ አይደለም። ሁለት ታማኝነት ያለው ሰው የአገር ምሥጢር የያዘ ሥልጣን ላይ ቢቀመጥስ? ችግር ሲመጣ በሌላው ፓስፖርቱ የሚወጣ ሰው፣ መውጫ በሌላቸው ሰዎች ዕጣ ላይ ድምፅ መስጠቱ ተገቢ ነው? እነዚህ መልስ የሚገባቸው ጥያቄዎች ናቸው። መልሳቸው ግን ከፍተኛ ሥልጣንን ለነጠላ ዜግነት መወሰን ወይም ለምርጫ የነዋሪነት ጊዜ መጠየቅ ሊሆን ይችላል፤ የሁሉንም ዜግነት ማስቀረት ብቸኛው መንገድ አይደለም። በተለይ አገሪቱ የባንክ ዘርፏን ለውጭ ባንኮች በከፈተችበት፣ የውጭ አገር ሰዎችም በተወሰነ የገንዘብ መጠን የቤት ባለቤት እንዲሆኑ በፈቀደችበት በዚህ ወቅት፣ በአገሪቱ የተወለደው ሰው ቦታ እንደገና መታየቱ ወቅታዊ ነው። ጥያቄው በግልጽ፣ በማኅበራትና በሕግ ባለሙያዎች በኩል ይቅረብ። ሁለት ፓስፖርት ደብቆ የያዘ ሰው ግን ይህን ጥያቄ ፊት ለፊት ማንሳት አይችልም፤ ራሱን ያጋልጣልና።

በመጨረሻ አንድ ወገን እንዳይረሳ። በሳዑዲ፣ በኤሜሬትስ፣ በኩዌት ለሚሠሩት እህቶቻችንና ወንድሞቻችን ሁለተኛ ፓስፖርት የሚባል ነገር የለም። በእነዚያ አገሮች ሃያ ዓመት የሠራ ሰው እንኳ ዜግነት የማግኘት ዕድሉ እጅግ ጠባብ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2013 መጨረሻ ጀምሮ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያን ከሳዑዲ ሲመለሱ፣ የነበራቸው መተማመኛ ይኼው የኢትዮጵያ ፓስፖርት ወይም ከኤምባሲው የተሰጣቸው ሊሴ ፓሴ ነበር። እኛ «ለመጠባበቂያ» ብለን በመሳቢያ የምናስቀምጠው ደብተር ለእነሱ ብቸኛው ከለላ ነው። በሐሰት በተጠቀምንበት ቁጥር በደብተሩ ላይ ያለው እምነት ይቀንሳል፤ ምርመራው ይጠብቃል፤ መጉላላቱ የሚያርፈው ደግሞ ሌላ መውጫ በሌላት የቤት ሠራተኛ ላይ ነው።

አዲስ ዜግነት የወሰደ ሰው አገሩን አልካደም፤ እናቱን፣ ቋንቋውን፣ የአባቶቹን መቃብር ማንም አዋጅ አይሰርዝበትም። የተጠየቀው እውነቱን እንዲናገር ነው። ፓስፖርቱን በሥርዓት ይመልስ፣ ቢጫ ካርዱን ያውጣ፣ ልጆቹን ያሳውቅ፣ የሚጎድለውን መብት ቀና ብሎ ይጠይቅ። አላህ ባለንበት ሁሉ ቃላችንን የምንጠብቅ ያድርገን፤ በስደት ያሉትን ወገኖቻችንንም ይጠብቅልን። ወላሁ አዕለም።